ሩሯ መሬት ላይ ሳለች

የልጄ ልጅ ደብረ ታቦር ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጣ ሰው ትገድላለች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ትወረውራለች፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቁጢጥ ብላ መጫወቻውን በሁለት እጇ ትጨብጥና መተኮስ ትጀምራለች። የገደለችው ሰው ትንሽ ቆይቶ ይነሣል። እሷም ስትሞት ትነሣለች። እኔ በዕድሜዬ ሰው ሲወድቅ እንጂ ሲነሣ ብዙም አላየሁምና መጀመሪያ ላይ ሳቄ መጣ።

አንድ ቀን «አባባ፣ እስቲ ይሞክሩት» ብላ አስያዘችኝ። ጣቴ ወፍራም ነው፤ አንዱን ስነካ ሌላው ይነካል። ገና ከመጀመሬ አንዱ ከግድግዳ ኋላ ተኮሰብኝና ዕቃው እጄ ላይ ተንዘፈዘፈ። ደነገጥሁ። ይኸ ጨዋታ «ተመታህ» ብሎ አይነግርህም፤ እጅህን ይዞ ያንቀጠቅጥሃል። ንዴቴ መጣና ያገኘሁትን ሁሉ መተኮስ ያዝሁ። ከጎኔ የሚሄደውን የራሴን ወገን ሳይቀር ጀርባው ላይ አርከፈከፍሁበት። ሰውየው ዞር እንኳ ሳይል መንገዱን ቀጠለ።

«ምነው አልወደቀም?» አልኋት።

«የራስ ወገን ነዋ አባባ። የራስን ወገን ቢመቱትም አይጎዳም። ሕጉ እንደዛ ነው።»

መጫወቻውን መለስሁላትና «ውሸታም ጨዋታ ነው» ብዬ ተነሣሁ። እሷ ሳቀች፤ እናቷም ከጓዳ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ተናድጄ ነበር። በረንዳው ላይ ወጥቼ ብዙ ተቀመጥሁ።

ጨዋታ ቀልድ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ አይመስለኝም። ቄሱ የሰበከው በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ካድሬው የጮኸው ከነጭራሹም አይገባም። ጨዋታ ግን ሕጉን እጅህ ውስጥ ቀብሮ ነው የሚሄደው። አንተ ሳታስብ እጅህ ያስባል። የእኔ ቀኝ ዓይን የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወንድሜን ያጣሁትም በዚሁ ነው።

አገሬ ታች ጋይንት ነው። የቤተ ልሔም ደብር የድጓ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው ቁራሽ ከሚለምኑባቸው መንደሮች አንዱ የእኛ ነበር፤ ለገበያ ደግሞ አርብ ገበያ ከተማ እንወጣለን። ገብሱና ስንዴው ታጭዶ ሜዳው ባዶውን ሲቀር ገና ይመጣል። ከተሜ ገናን በበዓልነቱ ብቻ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ገና ዱላ ነው። ጫፉ የተቆለመመ የወይራ ዱላ ይያዛል፤ ከወይራ ሥር የተጠረበች፣ ጡጫ የምታህል ሩር አለች፤ ሁለት ወገን ሆኖ ሩሯን እየመቱ የማዶኛውን ወሰን ማሳለፍ ነው። አንዱ ወሰን ወንዙ፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ናቸው። ከዚህ የቀረው ድብድብ ነው። ቅልጥም ይሰበራል፣ ጥርስ ይረግፋል። ጥርሱ የረገፈ ሰው አጎንብሶ ደሙን ይተፋና ተመልሶ ይገባል። ሴቶች ዳር ቆመው እልል ይላሉ፤ ለቁስል ቅቤና ጨርቅ ይዘው የሚመጡትም እነሱ ናቸው።

ታዲያ ሕግ አለው። አንደኛውን አገር ያውቀዋል፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ሎሌ ጌታውን ቢፈነክት ቂም የለም። የገና ደም አይመለስም፤ የሞተ እንኳ ቢኖር «እግዜር ያመጣው ነው» ተብሎ ይቀበራል። ሌላኛው ሕግ የመንደራችን ነው፤ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሩሯ መሬት ላይ ሳለች ዱላ ከወገብ በላይ አይወጣም። ከፍ የሚለው ሩሯ አየር ላይ ስትሆን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ የእኛ ሰው ዓይኑ አንድ ነገር ለምዷል። ሩሯ መሬት ላይ ሆና ከራስ በላይ የተነሣ ዱላ ካየ፣ ያ ዱላ ሩሯን ሳይሆን ሰው እንደሚፈልግ ያውቃል። ሰው በሆዱ የያዘውን እንዲህ የሚያወጣ ሌላ ሕግ አላየሁም።

ሲጀመር ግን ለሌላ ነገር የወጣ ሕግ ነበር፤ ራስ እንዳይፈነከት።

በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የመንደራችን ሰው ነበር። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ በአንድ ባለጠጋ ቤት በሎሌነት አደገ። መሬት ሲታደል ለሎሌውም ደረሰው፤ ደግ ነገር ነው፣ እኔም አልክድም። በኋላ ጠመንጃ አነገተ፣ አብዮት ጥበቃዎች ከኋላው ተከተሉት፣ ሰው መምታትም ለመደ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል። ካድሬዎቹ በዓል ኋላቀር ነው እያሉ ሲያወግዙ እንኳ ገናን አልተወም። ጠመንጃውን ዛፍ ላይ ይሰቅልና እንደ ማንኛችንም ይገባል። አንድ ቀን ጠላ ቤት ሞቅ ሲለው ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

«ያ ባለጠጋ ዓመቱን ሙሉ እንዳህያ ነበር የሚመታኝ። ገና ላይ ሲመታኝ ግን እንደ ሰው ነበር። እመልስለት ነበራ! ምን ይለኛል? ከዓመት ዓመት ሰው የምሆነው በዚያች ቀን ነው።»

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከእኛ ሁሉ በላይ ገናን የሚወድ እሱ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ለዚህም ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

አባታችንን የመታው በኅዳር ነው። አባቴ በሬዎቹን ለአምራች ማኅበሩ አላስገባም አለ። በስብሰባው መሃል ቆሞ «በሬ ከሚስት አያንስም፣ ለጋራ አይሰጥም» አለና ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ስድብ ይችል ነበር፤ ሳቁን ግን አልቻለም። መጣና ሽበታሙን ሰውዬ በጥፊ አጮለው። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ። ደገመው። አሁንም ቆመ። ያኔ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በሰደፉ ጆሮ ግንዱን አለው። አባቴ ወደቀ፤ ከጆሮው ደም ወጣ፤ በወደቀበትም አብዮት ጥበቃዎቹ በእርግጫ ጨመሩለት። እኔና ወንድሜ አፈሙዝ ደረታችን ላይ ተደግኖ ቆመን አየን። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ በቀኝ ጆሮው አልሰማም።

ደግፈን ቤት ስናስገባው «የሰደፉስ የብረት ነው፤ ይረሳል። ጥፊው ግን የእጅ ነው» አለ። ሌላ አልተናገረም። እኛ አገር ይህ በቂ ንግግር ነው።

ወንድሜ ታላቄ ቢሆንም በቁመትም በጉልበትም እኩል ነበርን። እኔ ለፍላፊ ነኝ፤ ስናደድ አገር ይሰማኛል፣ ቶሎም ይወጣልኛል። እሱ ግን ሲናደድ ዝም ይላል። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ብዙ ዝም አለ። አንድ ቀን አውድማ ላይ ገብሱን በመንሽ እያነሣን ሳለ ድንገት ተናገረ።

«ገና ላይ ነው የምጥለው። የገና ደም አይጠየቅም።»

«ዘመዶቹ አይጠይቁ ይሆናል» አልሁት። «መንግሥት ግን ገና አይጫወትም። እነዚያ አብዮት ጥበቃዎች ሜዳው ዳር ጠመንጃ ይዘው የሚቆሙ ለእልልታ መሰለህ? እዚያው በወደቀበት ይደፉሃል።»

«ይድፉኛ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አእምሮ የለህም?»

«አባትየው በጥፊ የተመታ ሰው አእምሮ ምን ያረግለታል?» ብሎ መንሹን አነሣ።

አባቴ ነገሩን ሰማ አልሰማ አላውቅም። ብቻ በዚያው ሰሞን ገደል ወርዶ ወይራ ቆርጦ መጣ። እሳት ላይ እያሞቀ ጫፉን ሲቆለምም፣ በጠፍር ወጥሮ ሲያስር ሰነበተ። ቁልምማው ላይ አንድ ጉጥ ነበረች፤ አልላጋትም፣ ተዋት። ጉጥ የሚላገው ሩሯ አቅጣጫዋን እንዳትስት ነው። ጉጥ ያለው ዱላ ለሩር አይሆንም። እሱን ዱላ ለወንድሜ ሰጠው። ለእኔ «ያምናው ይበቃሃል» አለኝ። አባቴን በጣም እወደው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ጠላሁት።

በዋዜማው እናቴ ጓዳ ጠራችኝና ክንዴን ያዘች።

«ልጄ፣ አደራህን። እጁን ያዝልኝ። ያባትህ ጥፊ በጊዜው ይደርቃል። ልጅ ግን አንዴ ከተቀበረ ተቀበረ ነው።»

«እማዬ፣ ገና ላይ የሰው እጅ እንዴት ይያዛል?»

«እኔ ምን አውቄ! ጨዋታውን የምታውቁት እናንተ።»

የገና ዕለት ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ጾሙን ገድፎ፣ ጠላውን ቀማምሶ ሜዳው ላይ ወጣ። ሁለት የወገን አባቶች ቆሙ። አንደኛው ሊቀመንበሩ ነው፤ ሌላው ከወንዝ ማዶ የመጣ ጎልማሳ ገበሬ ነው። ሚና፣ ማለትም ወገን፣ ሲለይ እንዲህ ነው። በቁመትና በጉልበት አቻ የሆኑ ሁለት ሁለት ሰዎች ራቅ ይሉና ለየራሳቸው ስም ያወጣሉ። ተመልሰው ተራው ለደረሰው አባት ስሙን ብቻ ይነግሩታል። የመረጠው ለእሱ፣ የቀረው ለወዲያኛው ይሆናል። ስለዚህ አቻ ለአቻ አንድ ወገን አይሰለፍም። ወንድማማቾችማ ምንጊዜም እንደተለያዩ ነው፤ ማን ከወንድሙ የተሻለ አቻ አለው? አቻ ያላገኘ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ያያል። በክፋት አይደለም፤ አንዱ ወገን እንዳይከብድ ነው።

እኔና ወንድሜ ከልጅነታችን ጀምሮ አቻ ነን። ራቅ አልን። «አንተ ስንዴ፣ እኔ ገብስ» አለኝ። ተመልሰን ሊቀመንበሩ ፊት ቆምን።

«ገብስ ወይስ ስንዴ?»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «ስንዴ ማን ይጠላል!»

ስንዴው እኔ ነኝ። የወንድሜ ፊት ፈካ፤ የሚፈልገው ከሊቀመንበሩ ማዶ መሰለፍን ነበር፣ አገኘው። እኔ ግን አባቴን ያደነቆረው ሰው ወገን ሆኜ ወንድሜን ፊት ለፊት አየሁት። ይህን ያደረገ ማንም ክፉ ሰው የለም፤ ሕጉ ብቻ ነው። በአንዲት የእህል ስም የማን እንደሆንሁ ወሰነልኝና ዱላዬን አስያዘኝ።

ሩሯ መሃል ሜዳ በተቆፈረች ጉድጓድ ተቀበረች። አባቶቹ በዱላቸው ተሻምተው ፈለቀቋትና ሜዳው ተናወጠ። ወዲያው አንዱ ጣቱን ተመትቶ ጮኸ። አንዱ አፉን ይዞ ተቀመጠ። እኔም እጄን አጣጥፌ አልቆምሁም፤ ከማዶኞቹ የአንዱን ቅልጥም አግኝቼው እንደ በሬ ሲያገሣ ሰምቻለሁ። ደስ አላለኝም ብል ዋሸሁ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ጎድኔን ብሎኝ ትንፋሼ ተቋረጠና በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ ሰው በላዬ ዘሎ ሄደ። ሊቀመንበሩን ከሁላችንም የደኸየ አንድ ገበሬ ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ ቅንድቡ ላይ እየወረደ ሊቀመንበሩ ሳቀ፤ «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ ወንድ!» ብሎ የገበሬውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ያ ገበሬ በማግሥቱ ለዚያው ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል።

ቀኑን ሙሉ ሊቀመንበሩን እንደ ጥላ ተከተልሁት። የእኔው ወገኖች ሳይቀሩ «የሊቀመንበሩ ጭራ» እያሉ ቀለዱብኝ። ይቀልዱ። እኔ የማየው ሊቀመንበሩን አልነበረም፤ ያችን ጉጥ ነበር። ወንድሜ ሩሯ ስታልፈው አይመታትም። በቀኝም በግራም ሰው ሲወድቅ አያይም። ዱላውን ዝቅ አድርጎ እየጎተተ ሊቀመንበሩን ብቻ ይዞራል። አባቴ ዳር ቆሞ ደህና ጆሮውን ወደ ሜዳው አዙሮ ነበር። ከእሱ ኋላ አብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ታቅፈው ይስቃሉ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሩሯ ሰው መሃል ተቀረቀረች። ከእግር እግር መሃል ገብታ አልወጣ አለች፤ ዱላ ከዱላ ተቆላለፈ፣ ሰው ከሰው ተጣበቀ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ገባና በዱላው ጫፍ መፈልቀቅ ጀመረ። ራሱ ባዶ ነው፤ ማጅራቱ እንደ ተዘረጋ ሰሌን ሜዳ ሆኖ ታየኝ። ቀና ስል የወንድሜን ዱላ አየሁ። ከራሱ በላይ ወጥቷል። ሩሯ መሬት ላይ ናት።

ያንን ዱላ እኔ ብቻ አልነበርሁም ያየሁት። እዚያ የተጣበቀው ሰው ሁሉ አየው፤ ሁሉም ምን ማለት እንደሆነ አወቀ። አንድም ሰው ግን አልጮኸም። ሊቀመንበሩን ማን ይወደዋል?

እጁን ልይዘው አልደርስም። ልጩህ ብል ዳር የሚሳሳቁት አብዮት ጥበቃዎች ዞረው ያያሉ፤ ያው ይደፉታል። ያለኝ ያቺው ሩር ናት። ዱላዬን በሊቀመንበሩ እግሮች መሃል ሰድጄ ቁልምማውን ከሥሯ አስገባሁና ሽቅብ ወረወርኋት። በሊቀመንበሩ ጆሮ ሥር አልፋ ወንድሜ ፊት ላይ ተነሣች።

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ አየር ላይ ያለች ሩር ስቶ አያውቅም። ዓይኑ ሳይወድ በግዱ ከማጅራቱ ወደ ሩሯ ዞረ። ክንዱም ተከተለ። ለሰው የተነሣው ዱላ መንገድ ላይ ታጥፎ ሩሯን ባለ በሌለ ኃይሉ መታት። ጉጧ አቅጣጫዋን አሳተቻት። የመጣችው ወደ እኔ ነው።

ድምፁን አስታውሳለሁ፤ የእንቁላል መሰበር ዓይነት ነው። ሕመሙ የመጣ ቆይቶ ነው። ገለባው ላይ ተደፍቼ መዳፌ ውስጥ ሙቅ ነገር ሲፈስ ተሰማኝ። ጨዋታው አልቆመም፤ ሩሯን ከነደሜ እየመቱ ወደ ወንዙ ወሰዷት፤ ሕጉ ነው። ወንድሜ ዱላውን ጥሎ ራሴን ታቀፈ። «ወየው! ወየው!» ይላል።

በግራ ዓይኔ ሊቀመንበሩን አየሁት። አልሮጠም፤ እኛው ጋ ቆሟል። የወንድሜን ዱላ ከመሬት አነሣና በእጁ መዘነው። ጉጧን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ገናን ከእኛ ሁሉ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው ብያለሁ፤ ዱላው ሲነሣ ባያየውም ጉጧ ነገረችው።

«ጥሩ ዱላ ነው» አለ። «ማን ቆለመመው?»

አባቴ ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጥቶ ደርሶ ነበር። «እኔ» አለ፤ ቀና ብሎ።

ሊቀመንበሩ ዱላውን ለአባቴ አቀበለውና ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አለ። ሄደ። ወደ ወንዙ፣ ወደ ጨዋታው።

ዓይኔ ፈሶ አለቀ። እናቴ በጨው ውኃ እያጠበች «አንድ ዓይን ሰጥተን አንድ ልጅ አተረፍን፤ ተመስገን» ትል ነበር። እኔም እንደ እሷ አምኜ ነበር፤ ሕመሙም በዚህ ቀለለኝ። ወንድሜ ከአጠገቤ አልተለየም። የምበላውን እሱ ያጎርሰኝ ነበር፤ ስለ ሊቀመንበሩ አንዲት ቃል አላነሣም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አርብ ገበያ ወጣን። ሰው ከብቱን ነድቶ፣ አህያውን ጭኖ ገበያው ከሞላ በኋላ አብዮት ጥበቃዎቹ ዙሪያውን ከበቡት። ያኔ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የተለመደ ነበር። ሴቱ ጮኸ፣ አህያው ተፈታ፣ እህሉ ተረገጠ። ያመለጠ አለ፤ ሊያመልጥ ሲል በሰደፍ የተደፋ አለ። እኔና ወንድሜን ግድግዳ ሥር አቆሙን። ሊቀመንበሩ በጣቱ እያመለከተ «ይኸ፣ ይኸ፣ ያኛው» ይላል። እኔ ጋ ሲደርስ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ይኸ አይሆንም። ሲተኩሱ የሚያልሙት በቀኝ ዓይን ነው» አለ። ጣቱን ወደ ወንድሜ አዞረ። «ይኸኛው ክንዱ ጥሩ ነው። ገና ላይ አይቸዋለሁ።»

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በቀስታ ተናገረ። «የገናውን አልተቆጣሁም። ሕጉን አክብሬያለሁ።»

እውነቱን ነው፤ አክብሯል። በገና አልተቆጣም፣ ጥር እስኪሆን ጠበቀ። አንቄ ልይዘው ስል አንዱ በሰደፍ ወገቤን አለኝና ተደፋሁ። ስነሣ ወንድሜን የጭነት መኪና ላይ አውጥተውታል። በመኪናው አጥር እንጨት መሃል ጠራኝ።

«ሩሯን አውቀህ ነው ያነሣሃት?»

«አውቄ ነው።»

«እኔ እኮ ልመታት አልፈለግሁም። እጄ ነው የመታት።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያነሣኋት።»

እጁን በእንጨቱ መሃል አሾልኮ የታሰረውን ዓይኔን ነካው። «አይቆጡም ጌታ» አለኝ፤ ሳቀ። ብዙም የሚስቅ ሰው አልነበረም። መኪናው አቧራውን አንሥቶ ሄደ።

እሱን ለማትረፍ ያነሣኋት ሩር ለውትድርና ሰጠችው። ሊገድልበት ያነሣው ዱላ እኔን ከውትድርና አዳነኝ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳገላበጥሁት አልናገርም። ዛሬም ቢሆን አነሣታለሁ፤ አልጸጸትም። ግን ተቆጥቻለሁ። ገናም ቢሆን፣ ሕጉም ቢሆን፣ ተቆጥቻለሁ።

ደብዳቤ አልመጣም፤ መርዶም አልመጣም። እናቴ ልቅሶ መቀመጥ አልችል አለች፣ ያልተረዳ ሞት አይለቀስም። አባቴ ደህና ጆሮውን ወደ መንገዱ አዙሮ ደጃፍ መቀመጥ ያዘ። ዱላውን ከጣሪያው ሥር ሰክቶት ነበር።

የመንግሥት ጦር አገራችንን ለቆ በወጣ በዓመቱ፣ አብሮት ሸሽቶ የነበረው ሊቀመንበር ያለ ጠመንጃ መንደር ገባ። ማንም አልነካውም፤ ሁሉም የሚያየው የእኛን ቤት ነው። «ምን ትጠብቃለህ?» ይሉኛል ዘመዶቼ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እያሉ ያስታውሱኛል፤ የረሳሁ ይመስል። ገና ሲደርስ አባቴ ምንም ሳይል ዱላውን ከጣሪያው አውርዶ ሰጠኝ። እውነቱን ልናገር፣ ተቀብዬው ሜዳው ላይ የወጣሁት ለሩሯ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ የገና ዱላውን ይዞ መጥቷል። ጠቁሯል፣ ከስቷል። አባቶች ተመረጡ፣ ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ራቅ ይልና ይመለሳል። እሱ ወደ አንዱ ጠጋ ሲል ያ ሰው ከሌላው ጋር ይሄዳል። ወደ ሌላው ሲጠጋ ያም ይሄዳል። ማንም አልሰደበውም፤ ዞር ብሎ ያየውም የለም። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ አለቀና ሜዳው ላይ ያለ አቻ የቀረነው ሁለት ሰዎች ብቻ ሆንን።

ወደ እኔ መጣ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«እንግዲህ የቀረነው እኔና አንተ ነን። አቻ እንሁና እንግባ። ምታኝ፤ ምንም አልልም። አንተ ስንዴ ሁን፣ እኔ ገብስ ልሁን።»

ገብስ ወንድሜ ነበር። ዱላው እጄ ላይ ከበደኝ። አቻ ከሆንን ማዶ ለማዶ እንሰለፋለን፤ ራሱ መጥቶ ማጅራቱን ሰጠኝ ማለት ነው። መንደሩ ሁሉ ያያል። አባቴም ዳር ቆሟል።

ያኔ ያ የጠላ ቤት ወሬው ትዝ አለኝ። ሰው የምሆነው በዚያች ቀን ነው ያለው።

«እኔ አቻ አለኝ» አልሁት። «አልመጣም እንጂ።»

ዱላውን ጭኔ ላይ አጋድሜ ሜዳው ዳር ተቀመጥሁ። ሩሯ ተፈለቀቀች፣ ጨዋታው ተነሣ፣ ሰው ተፈነካከተ። ሊቀመንበሩ ዱላውን እንደያዘ ፀሐይ እስክትገባ እዚያው ቆመ። ማንም አልመታውም።